ሲሮሲስ ሲኖር የመከላከያ ሴሎች ምን ይሆናሉ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ጉበት ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ሲደድር) ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ኢንፌክሽን ላይ ስላተኮረ እሱን አስቀድሜያለሁ።

ሲሮሲስ የጉበት በሽታ ነው። ከበሽታ መከላከያ ጋር ምን አገናኘው?

ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ሦስት አራተኛ ገደማው የሚመጣው በፖርታል ደም ሥር፣ በተለይ ከአንጀት ነው። የአንጀት ባክቴሪያና ስብርባሪውም አብሮ ይመጣል። ጉበት ውስጥ ኩፕፈር የሚባሉ ሴሎች ያንን እየለቀሙ ይውጣሉ። ጉበት በጠባሳ ሲደድር ግን ከደሙ የተወሰነው መንገድ አጥቶ በአቋራጭ ያልፋል፣ ሳይጣራ። በዚያ ላይ የአንጀት ግድግዳም ማሾለክ ይጀምራል።

የአባቴ ነጭ የደም ሴል ቁጥር ዝቅ ብሏል። ሐኪሙ "ከጣፊያው ነው" አለን። እውነት ነው?

አዎ፣ የተለመደ ነው። በፖርታል ደም ሥር ያለው ግፊት ሲጨምር ጣፊያ ያብጣል፤ ነጭ ሴልና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ሴል) ይዞ ያስቀራል። እኔን ግን ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበኝ የሴሎቹ ጠባይ ነው።

ጠባይ ስትል ምን ማለትህ ነው?

ኒውትሮፊል የሚባለውን ነጭ የደም ሴል እንውሰድ። ባክቴሪያ ሲገባ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ይውጠዋል፤ ከዚያ መርዛማ የኦክስጅን ውህዶች ለቆ ይገድለዋል። ሲሮሲስ ሲከፋ ግን ምንም ሳይመጣበት ውህዶቹን ይረጫል፤ የሚጎዳው የራሱን ሰው ነው። እውነተኛው ባክቴሪያ ሲመጣ ደግሞ መዋጥ ያቅተዋል። ሌሊቱን በጥላ ሲጮህ አድሮ ሌባ ሲገባ የሚያንቀላፋ ውሻ በሉት።

ሞኖሳይት የሚባለው ሌላው ነጭ የደም ሴልም ጣጣ አለበት። ጤነኛ ሞኖሳይት የባክቴሪያውን ቁራጭ ኤችኤልኤ-ዲአር በሚባል ፕሮቲን ላይ ይዞ ቲ ሴል ለሚባሉ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ያሳያል። በሽታው ድንገት ተባብሶ ኩላሊትና ሌሎች አካላት መድከም ሲጀምሩ ይህ ፕሮቲን ከሞኖሳይቱ ላይ በጣም ይቀንሳል። ያኔ ሰውየው ለኢንፌክሽን ተጋለጠ ማለት ነው።

ታዲያ "ኢንፍላሜሽን አለ" የሚሉን ለምንድን ነው? መከላከያው በዛ ወይስ አነሰ?

ሁለቱም። እሳቱ (ኢንፍላሜሽን ማለት የሰውነት መቆጣት ነው) አለ፣ ጥቅሙ የለም። በሽታው እየገፋ ሲሄድ ድካሙ እያየለ ይመጣል።

እናቴ ሆዷ ውስጥ ውሃ አለ። ትኩሳት ከሌላት ኢንፌክሽን የለም ማለት ነው?

እህቴ፣ በዚህ እንዳትዘናጊ። ሆድ ውስጥ የተቋጠረው ውሃ ያለ ትኩሳትም ያለ ሕመምም ሊመረዝ ይችላል። አንዳንዴ የመጀመሪያው ምልክት መደናገር ወይም የሽንት መቀነስ ብቻ ነው። ሐኪም በመርፌ ትንሽ ውሃ ቀድቶ ኒውትሮፊሉን ያስቆጥራል። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር 250 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አንቲባዮቲክ ወዲያው ይጀመራል። ካልቸሩ (ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚለየው ምርመራ) ምንም ባያበቅልም ይጀመራል፤ ብዙ ጊዜ አያበቅልምና። ድንገት ከተደናገረች "ነገ እናያለን" አይባልም።

መከላከያን የሚያጠነክር ክኒን አለ? አልቡሚንስ?

"ኢሚዩኒቲ ቡስተር" ተብሎ የሚሸጠውን እርሱት፤ አንዳንዱ ጉበቱን ራሱን ይጎዳል። አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን) ላይ ተስፋ ነበር። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ትልቅ የብሪታንያ ጥናት ግን ሆስፒታል የተኙ ሕሙማንን የአልቡሚን መጠን በመርፌ ከፍ ማድረጉ ኢንፌክሽንንም ሞትንም እንዳልቀነሰ አሳይቷል። የሆድ ውሃው ሲመረዝ ከአንቲባዮቲክ ጋር የሚሰጠው ግን ሌላ ነው። እሱ ኩላሊትን ይታደጋል።

ክትባት ይሠራል?

ይሠራል፣ ከጤነኛ ሰው ግን ደከም ይላል። ስለዚህ በጊዜ ነው፤ ጉበቱ ሳይደክም። የሄፓታይተስ ቢ፣ የኢንፍሉዌንዛና የኒሞኮከስ (የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ) ክትባት ስለመውሰድ ሐኪም ጠይቁ።

የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ለዓመታት እወስዳለሁ። ችግር አለው?

አሲዱ ከምግብ ጋር የሚገባ ባክቴሪያን ይገድላል። ሲሮሲስ ባለባቸው ሰዎች መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ከኢንፌክሽን ጋር ተያይዞ ይታያል። በራስህ ግን አታቁም፤ ቁስለት ኖሮህ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ "ይህ መድኃኒት አሁንም ያስፈልገኛል?" ብለህ ጠይቅ።