ቃለ ጉባኤውን ጠየቅኸኝ፣ ደብዳቤውስ የት አለ?

አንድ የጎንደር አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልናል። «በሰፈራችን መንገድ ያልፋል ተብሎ ምክር ቤቱ ወስኗል አሉ። ምልክት ከተደረገብን ወዲህ ክፍለ ከተማ እየተመላለስኩ ቃለ ጉባኤውንና ፕላኑን አሳዩኝ ብል 'የውስጥ ሰነድ ነው' ይሉኛል። ለውይይት ስብሰባ ሄደንም ስማችሁ የለም ተብለን ተመለስን። መብት የለንም ወይ?»

መብትማ አላችሁ። ይህን ቶሎ ልጨርሰው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ዝርዝሩ ያለው በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የአዋጁ የሚዲያ ክፍል በ2013 በአዋጅ 1238 ቢተካም የመረጃው ክፍል ዛሬም ይሠራል፣ የክልል መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። «የውስጥ ሰነድ ነው» ማለት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። የሚከለከለው አዋጁ ራሱ የዘረዘረው ነው፤ ለምሳሌ የጎረቤትህ የግል መረጃ። ስብሰባን በተመለከተ፣ ፓርላማው እንኳ በአንቀጽ 58 መሠረት በግልጽ ነው የሚሰበሰበው። የከተማ ምክር ቤት ግን የራሱ የአሠራር ደንብ ስላለው የጉባኤውን ቀንና የመግቢያውን ሁኔታ ከአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቅ።

አሁን ወደ ዋናው። «ምልክት ከተደረገብን ወዲህ» ብለህ ሹልክ ብለህ አለፍክ። አጥርህ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል ማለት ነው? የማስለቀቂያ ደብዳቤ ደርሶሃል? መቼ? ማን ፈርሞ ተቀበለ? ካርታውስ በማን ስም ነው፣ በአንተ ወይስ በአባትህ? ይህን ሁሉ ትተህ ስለ ቃለ ጉባኤ ትጠይቀኛለህ። ወንድሜ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አትቀየመኝ፣ ግን ቤትህ ሊነሳ ከሆነ ጥያቄህ ሌላ ነው።

ደንበኞቼ እየተከታተሉ የሚገቡበት ወጥመድ ይኸው ነው። ሁለት የተለያዩ ሠላሳ ቀኖች አሉ። አንደኛው መሥሪያ ቤቱ ላይ ይቆጥራል፤ መረጃ ስትጠይቅ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥህ ይገባል። ሁለተኛው አንተ ላይ ይቆጥራል፤ ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለማስለቀቅና ስለ ካሳ በወጣው አዋጅ 1161/2011 የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ቅሬታውን ለአቤቱታ ሰሚው አካል የሚያቀርበው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? «መጀመሪያ ቃለ ጉባኤውን ልይ፣ ከዚያ እቃወማለሁ» ብሎ ይጠብቃል። የመረጃ ጥያቄህ የቅሬታህን ቀን አያቆምም! አንተ ፕላኑን ስትጠብቅ ያንተ ሠላሳ ቀን ያልቃል፣ ከዚያ ሰነዱ በእጅህ ቢገባ እንኳ «ጊዜው አልፏል» ትባላለህ። ቅሬታህን በያዝከው ማስረጃ አስገባ፣ «ተጨማሪ ሰነድ ጠይቄያለሁ፣ ሲደርሰኝ አያይዛለሁ» ብለህ ጻፍበት። የማስለቀቂያው አዋጅ ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ስለወጣለት ቀኑን ራስህ አትቁጠር፤ ደብዳቤውን ይዘህ ዛሬውኑ ጠበቃ ጋ ሂድ።

ይባስ ብሎ መሥሪያ ቤቱ ላይ የሚቆጥረው ሠላሳ ቀን መጀመሩን የምታስረዳበት ማስረጃ የለህም። ለምን? በቃል ነው የጠየቅኸው። «ሰውየው ስብሰባ ገብቷል»፣ «ነገ ና» ሲሉህ የከረምክበት ደጅ ጥናት በወረቀት ላይ የለም፤ ነገ «አልጠየቀንም» ቢሉ በምን ታስተባብላለህ? ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጅ። መጻፍ ካስቸገረህ ፍርድ ቤት ደጅ ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉልህ። «ያለውን ሁሉ ስጡኝ» አትበል፤ የትኛው ስብሰባ፣ በየትኛው ቀን ገደማ፣ ስለ የትኛው መንገድ እንደሆነ ለይተህ ጻፍ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርግ፣ በአንተ ቀሪ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ሳታስደርግ ከመስኮቱ ንቅንቅ አትበል። አልቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ (በፖስታ ቤት የአደራ ደብዳቤ) ላከው፣ ደረሰኙን እንደ ካርታህ ጠብቀው። በጊዜው መልስ ከጠፋ እንደተከለከልክ ይቆጠራል፤ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ትላለህ፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት አለ።

ስብሰባው ከተሳካልህና ከገባህ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። በር ላይ የምትፈርምበትን ወረቀት ራስጌውን አንብብ። ራስጌ የሌለው ባዶ የስም ዝርዝር ላይ አትፈርም፤ በኋላ «ነዋሪው ተስማምቷል» ከሚል ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ልታገኘው ትችላለህ። የግድ ከሆነ ከፊርማህ ጎን «ለመገኘት ብቻ» ብለህ ጻፍ።

እስከዚያው ደብዳቤውን፣ ካርታውን፣ የግብር ደረሰኞችህንና የቀለሙን ፎቶ አንድ ላይ አድርግ። ካርታው በሟች አባትህ ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው ያስፈልጋል፣ እሱም ጊዜ ይወስዳል። ሠላሳው ቀን አልፎ ከሆነም ተስፋ ቆርጠህ አትቀመጥ። ደብዳቤው በአግባቡ ደርሶህ እንደሆነ የሚመረመር ነገር አለ፤ ያንን ግን ወረቀቱን ሳላይ እዚህ ልመልስልህ አልችልም።