ለሽፋን ሠሪ ልጆቼ

ባለፈው አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ስንጫወት አንዷ «ጋሼ፣ ከኮሚክ መጽሔት ሽፋኖች አብልጠው የሚወዱት የቱን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ዕለት በቅጡ አልመለስኩላትም። አሁን ለሁላችሁም ልመልስ።

የምወደው ዓመት ነው። 1962፣ በእኛ 1954።

በዚያ ዓመት ሃልክ ስለሚባለው ግዙፍ ፍጡር የሚተርከው የአሜሪካ ኮሚክ መጽሔት የመጀመሪያው ቁጥር ወጣ። ሽፋኑን የሣለው ጃክ ከርቢ ነው። እናንተ የምታውቁት ሃልክ አረንጓዴ ነው። እዚያ ሽፋን ላይ ግን ግራጫ ነው። ጸሐፊው ስታን ሊ ግራጫን የመረጠው ፍጡሩ የየትኛውም ዘር ሰው እንዳይመስል ብሎ ነበር። ህትመቱ ግን ግራጫውን አልያዘለትም። አንዱ ገጽ ላይ ፈዘዝ፣ ሌላው ላይ ጠቆር፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ ይሄድ ነበር። በሁለተኛው ቁጥር አረንጓዴ አደረጉት፤ በዚያው ቀረ።

ይህን ሳነብ የራሴ አህያ ትዝ አለችኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ የልጆች መጽሐፍ ሽፋን አህያ ሣልኩ። ግራጫዋን ከማተሚያ ቀለሞቹ፣ ከሲያን (ሰማያዊው)፣ ከማጀንታ (ደማቅ ሮዙ) እና ከቢጫ አዋህጄ አወጣሁት። ጠረጴዛዬ ላይ ቆንጆ ነበረች። ማሽኑ ላይ ግን ሲያኑ ትንሽ ከፍ ሲል ሰማያዊ፣ ቢጫው ሲጨመርበት አረንጓዴ ሆና ወጣች። ያ ሁሉ ወረቀት ተጣለ። አታሚው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። አንዱን ሽፋን አንስተው ማጉያ መነጽር ሰጡኝ። አየሁት፤ አህያዋ የሦስት ቀለም ነጠብጣብ ነች። «ልጄ፣ ግራጫ ከፈለግህ ከጥቁር አውጣው» አሉኝ። ጥቁሩ ነጠብጣብ ብቻውን ሲሳሳ ግራጫ ይሆናል። ሌሎቹ ቀለሞች ከፍ ዝቅ ቢሉም እሱ አይዞርም።

ስለዚህ ስክሪን ላይ አምሮ የታያችሁን አትመኑ። ማተሚያ ቤት ሂዱ፣ ማሽኑ ጎን ቁሙ፣ ጠይቁ። እዚያ የሚቆሙት ሰዎች ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

ከዓመቱ ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን ሌላ ሽፋን ነው። አሜዚንግ ፋንታሲ የሚባለው መጽሔት ቁጥር 15፣ ስፓይደርማን መጀመሪያ የታየበት። ዋጋው 12 የአሜሪካ ሳንቲም። ስፓይደርማን አንድ ሰውዬ በክንዱ ይዞ ከከተማው በላይ በክሩ ተንጠልጥሏል። የውስጡን ታሪክ የሣለው ስቲቭ ዲትኮ ነው። ሽፋኑንም መጀመሪያ የሣለው እሱ ነበር፤ አልተቀበሉትም። ከርቢ እንደገና ሣለው። የከርቢን የእርሳስ ሥዕል በጥቁር ቀለም ያወጣው ማን መሰላችሁ? ራሱ ዲትኮ።

እስቲ አስቡት። የለፋችሁበት ተመልሶባችሁ፣ በእሱ ቦታ የገባውን የሌላ ሰው ሥዕል መስመር በመስመር ማድመቅ። ሽፋኑን አጉልታችሁ እዩት። ልብሱ ላይ ያለውን የድር መስመር ተከተሉት። ልግመት የለበትም። ስፓይደርማን በራሱ ስም መጽሔት ሲወጣለትም እስከ ቁጥር 38 ድረስ የሣለው ዲትኮ ነው።

እኔ ይህን አልቻልኩም ነበር። አንድ ጊዜ ሥራዬ ሲመለስ አኩርፌ ወጣሁ፤ ሽፋኑን ሌላ ልጅ ሠራው። «አግዘኝ» ብሎ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። እንቢ አልኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሥራችሁ ሲመለስ ተከራከሩ፣ ምክንያታችሁን አስረዱ፤ እኔም ዝም በሉ አልልም። አንዴ ከተወሰነ በኋላ ግን ያ ልጅ ሲመጣ በሩን ክፈቱለት።

አንድ ነገር ልጨምር። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ካገኛችሁ ፊት ለፊታቸው አትሂዱ። መንገዱን ተሻግራችሁ ከማዶ እዩ። ከዚያ ሁሉ የቱ ሽፋን እንደጠራችሁ ያዙና ቀርባችሁ ለምን እንደሆነ መርምሩ። እኔ ሙያውን ከተማርኩበት ግማሹ በዚህ ነው።

ከአረንጓዴዋ አህያ አንድ ቅጂ አስቀምጫለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ብቅ በሉ፣ አሳያችኋለሁ። ማጉያ መነጽሩም አለ።