ፊልሙ ላይ የሚሰማው ድምፅ የኔ ነው፤ ስሜ ግን የለም

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው። ከቀድሞ ፍቅረኛዬ ጋር ለሦስት ዓመት ሙዚቃ ስንሠራ ነበር። እሱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ ክራርና ኪቦርድ ይጫወታል። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፣ እዘፍናለሁ። የስቱዲዮ ገንዘብ ስላልነበረን እሱ በተከራየው ክፍል ውስጥ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን ነበር የምንቀዳው። ኮምፒውተሩ የሱ ነው፤ ማይኩን እኔ ዕቁብ ሲደርሰኝ ገዛሁት። አራት ዘፈን ጨርሰን ተለያየን።

አሁን ሁለት ድሃ ሙዚቀኞች ራሳቸው ዘፈን ሲሠሩና ሲዋደዱ የሚያሳይ የፍቅር ፊልም ተሠርቷል። ሲኒማ ገና አልገባም። ትሬለሩ ግን ዩቲዩብ ላይ ወጥቷል፤ ተዋናይዋ አፏን የምታንቀሳቅሰው በኔ ድምፅ ነው። ሦስት ዘፈኖቻችን ገብተዋል። የመጀመሪያው ግጥሙ የኔ፣ ዜማው የሱ ነው። ሁለተኛውን ሐረጎን በሚኒባስ ስንወርድ ዜማውንም ግጥሙንም እየተቀባበልን ነው ያወጣነው። ሦስተኛው በአምባሰል ቅኝት ነው፤ ከድሮ ስንኞች ጋር የራሴን ጨምሬበታለሁ። እሱ 60,000 ብር ተቀብሎ ፈርሟል። ስጠይቀው «ዜማው የኔ፣ ቤቱ የኔ፣ ኮምፒውተሩ የኔ፤ አንቺ እኮ በፍቅር ነው የዘፈንሽው» አለኝ። የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውሎ «5,000 ብር ልላክልሽና እንጨርሰው» ይላል። የብርድ ልብሱ ነገር ሳይቀር ፊልሙ ውስጥ አለ ይባላል። ምንም ውል የለንም፤ የትም አላስመዘገብንም። ፊልሙን ማስቆም እችላለሁ? ታሪካችንንስ መጠየቅ ይቻላል? አራተኛውን ዘፈን ብቻዬን ባወጣውስ?

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት 5,000 ብሩን እንዳትቀበዪ። ሳትስማሚ በቴሌብር ቢልክልሽ እንኳ መልሺው፤ የመለስሽበትን መልእክትም አስቀምጪ። ብሩ እጅሽ ከቆየ ነገ ፍርድ ቤት «ተስማምታ ተቀብላለች» መባሉ አይቀርም። «እሺ»፣ «ይሁን» የሚል ቃልም በቴሌግራም አትጻፊ። ሲደውልልሽ «በጽሑፍ አድርገውና ላከው» በይው፤ ሌላ ነገር አትጨምሪ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «በፍቅር ነው የዘፈንሽው» የሚለውን ሳነብ ልቤ አዘነ። ይሄን ቃል ቢሮዬ ውስጥ በተለያየ መልኩ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ወንድም ለእህቱ ይላታል፣ ባል ለሚስቱ ይላታል። በሕግ ዓይን ግን መልስ አይሆንም። በፍቅር ዘፍነሽ ይሆናል፤ በፍቅር መዝፈን መብትን አሳልፎ መስጠት አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራሽ ገንዘብ የማግኘት መብት፣ ለሌላ ሰው የሚተላለፈው፣ ወይም ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት የሚፈቀደው፣ በጽሑፍ ነው። በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያዘዘው ውል ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1727 መሠረት ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች ሊያረጋግጡት ይገባል። ይህ ካልተሟላ በአንቀጽ 1720 መሠረት ያለው ነገር ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም። አንቺ የፈረምሽው ወረቀት የለም። ስለዚህ መብትሽን አልሰጠሽም፤ ድሮ የነበረው ዛሬም እጅሽ ላይ ነው።

«አላስመዘገብንም» ብለሽ አትስጊ። ጥበቃው ከምዝገባ አይመነጭም። ሥራው ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ ይበቃል። ወጥ ማለት ከራስሽ አእምሮ የፈለቀ፣ ከሌላ ያልተቀዳ ማለት ነው። ግዙፍነት አገኘ የሚባለው ደግሞ ደብተር ላይ ሲሰፍር ወይም ሲቀዳ ነው። አንቺ ሁለቱንም አድርገሻል። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ለማስረጃ ይጠቅማል፤ አሁንም ብታስመዘግቢ ጥሩ ነው። ባለመብት የሚያደርግሽ ግን መዝገቡ ሳይሆን ሥራሽ ነው።

አሁን ዘፈኖቹን አንድ በአንድ እንያቸው። መልሱ ለሦስቱም አንድ አይደለምና።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ግጥምና ዜማ ተነጣጥለው ሊቆሙ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው። ግጥሙን ያለዜማው ማንበብ፣ ዜማውን ያለግጥሙ በክራር መጫወት ይቻላል። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ሰው የሠራው ክፍል ባለቤት ነው። እሱ ዜማውን ለፊልሙ መስጠት ይችላል፤ በዚህ አትከራከሪው፤ ሐቁ ነው። ግጥምሽን ግን መስጠት አይችልም። የሌለውን ነው የሸጠው። ግጥሙ በሕይወት እስካለሽ፣ ካንቺ በኋላም ለወራሾችሽ 50 ዓመት ጥበቃ አለው።

ሁለተኛው፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የተወለደው፣ የጋራ ሥራ ነው። የትኛው መስመር የማን እንደሆነ እናንተም ለይታችሁ አታውቁትም። የጋራ ሥራ ደግሞ የጋራ ሀብት ነው። አንዱ የጋራ ባለመብት ብቻውን ፈርሞ የሌላውን ድርሻ ማሳለፍ አይችልም። የሱ ፊርማ የሱን ድርሻ ብቻ ነው የሚያስረው።

ሦስተኛው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልግሻል። የአምባሰል ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም። እንደ ባቲው ሁሉ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከወሏችን ነው፤ ግን ቅኝት ቅኝት ነው፤ ሁሉም ይዘፍንበታል። ከእናቶቻችን የወረስናቸው ስንኞችም እንደዚያው። «አምባሰሌን ወሰዱብኝ» ብለሽ ክስ ብታቀርቢ የተከሳሽ ጠበቃ በአንድ መስመር ይጥለዋል። ያንቺ የሆነው የጨመርሽው ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ደብተርሽን አውጪና የራስሽን ስንኞች አስምሪባቸው። ስንት መስመር እንደሆኑ በትክክል እወቂ። ትንሽ ናቸው ብለሽ አትናቂያቸው፤ ግን አታብዢያቸውም። ዳኛ ፊት ከመጠን በላይ የጠየቀ ሰው የሚገባውንም ያጣል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ግጥምና ዜማ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉልበትሽ ሌላ ቦታ አለ፤ ድምፅሽ። አዋጁ ዘፋኙን «ከዋኝ» ይለዋል። ግጥሙም ዜማውም የሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ከዋኝ የራሱ መብት አለው፤ የተቀዳው ክዋኔም 50 ዓመት ይጠበቃል። ያንቺ ድምፅ በሦስቱም ዘፈን ላይ አለ። አምባሰሉም ላይ ሳይቀር መብትሽ ሙሉ ነው። ድምፅሽን ወስዶ በሌላ ሴት አፍ ላይ መግጠም፣ ስምሽንም መጨረሻ ላይ አለመጻፍ፣ ገንዘብሽንም ክብርሽንም የሚነካ ነገር ነው። የሥራው አመንጪ ተብሎ መታወቅ የሞራል መብት ይባላል። ክፍያ ቢሰጥሽም ይህ መብት ይቀጥላል። ስለዚህ ነገ ለመስማማት ስትቀመጪ ስለ ብር ብቻ አታውሪ። «ግጥምና ድምፅ» ከሚለው ጎን ስምሽ ይጻፍ።

«ቤቱ የኔ፣ ኮምፒውተሩ የኔ» ላለው ደግሞ፣ የቤት ባለቤት መሆን የዘፈን ባለቤት አያደርግም። እንዲያ ቢሆን የክፍሉ አከራይም ድርሻ በጠየቀ ነበር። የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰር የሚባል መብት አለ፤ ቀረጻውን በራሱ ተነሳሽነትና ኃላፊነት ያስቀረጸ ሰው መብት ነው። እሱ ይሄን ሊጠይቅ ይችላል። ግን ማይኩን በዕቁብሽ ገዝተሻል፤ አብረሽም አቅደሻል፤ አብረሽ አምሽተሻል። የማይኩ ደረሰኝ ካለሽ ፈልጊው። ደረሰኝ ከሌለም የዕቁብ ዳኛው ገንዘቡን መቼ እንደወሰድሽ ሊመሰክር ይችላል።

ፊልሙን ማስቆም ይቻላል ወይ? ይቻላል። አዋጁ ስለ ጊዜያዊ እርምጃ ይደነግጋል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም በአንቀጽ 154 የዕግድ በር አለው። ፊልሙ ገና ሲኒማ ያልገባ መሆኑ ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ዘፈኖቹን ማውጣት ወይም ካንቺ ጋር መዋዋል ይችላሉ። ከታየ በኋላ ግን ክርክሩ ስለ ካሳ ብቻ ወደ መሆን ያዘነብላል። ቢሆንም እኔ በቀጥታ ወደ ዕግድ አልሮጥም። መጀመሪያ በጠበቃ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለፕሮዲዩሰሩ ይድረሰው፤ ግልባጩ ለቀድሞ ጓደኛሽ። የ15 ቀን ጊዜ ስጪ። በደብዳቤው ውስጥ የትኛው ዘፈን፣ የትኛው መብት፣ ምን እንደምትፈልጊ በግልጽ ይቀመጥ። የፊልም ሰው መብቱ ያልጠራ ዘፈን ይዞ ሲኒማ ቤት ወይም ቴሌቪዥን ጣቢያ መሄድ ይፈራል፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ለመነጋገር ይመጣል። ካልመጣ ያኔ ዕግዱን ትጠይቂያለሽ።

ትሬለሩን በተመለከተ ዩቲዩብ የራሱ የአቤቱታ ቅጽ አለው። ባለመብት ሞልቶ ሲልክ ቪዲዮው ሊነሳ ይችላል። የጫነው ወገን መቃወሚያ ካቀረበ ግን ክስ መመሥረትሽን የሚያሳይ ማስረጃ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ካላቀረብሽ ቪዲዮው ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ቅጹን የምትሞዪው ደብዳቤሽና ማስረጃሽ ከተዘጋጀ በኋላ ይሁን። ከዚያ በፊት ትሬለሩን አውርደሽ፣ የተጫነበትን ቀንና አድራሻውን የሚያሳይ ፎቶ ከስክሪኑ ላይ አንስተሽ አስቀምጪ።

ክስ ከደረሰ የቅጅ መብት ክርክር የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ነው። ያ ማለት ግን ለእያንዳንዱ ቀጠሮ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘሽ አዲስ አበባ ትመላለሻለሽ ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 ይህን ሥልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ሰጥቷል። ጉዳቱ የደረሰው እዚህ ነው፤ አንዱ ተከሳሽም ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ላይ መጀመር ይቻላል። የዳኝነት መክፈያ ከሌለሽ በደሃ ደንብ እንድትከሺ መጠየቅ ትችያለሽ። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ከበር ይመለሳል።

የካሳው ነገር ሁለት ነው። አንዱ በገንዘብ ያጣሽው ነው፤ የሱ 60,000 ብር እዚህ ላይ መነሻ ይሆንሻል። ሌላው የሞራል ካሳ ነው፤ አዋጅ 410/1996 ሲወጣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ አድርጎ ነበር የደነገገው። ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ስለተሻሻለ ጠበቃሽ ክሱን ሲጽፍ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ አለበት። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 ሁለት ዓመት ነው። ወንጀልም አለበት፤ እኔ ግን በዚያ እንድትጀምሪ አልመክርሽም። የምትፈልጊው ስምሽንና ድርሻሽን እንጂ የሱን መታሰር አይመስለኝም።

ስለ ታሪካችሁ የጠየቅሽው ላይ ደስ የማይል መልስ አለኝ። ሁለት ምስኪን ልጆች ሙዚቃ ሲሠሩ መዋደዳቸው ሐሳብ ነው፤ ሐሳብ ደግሞ ጥበቃ የለውም። ብርድ ልብሱም እንደዚያው። ደሴ ውስጥ ቤቱ የሚቀዳ ልጅ ሁሉ መስኮቱን የሚሸፍነው በብርድ ልብስ ነው። ያ ክፍል ለአንቺ ምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ፍርድ ቤት ግን እሱን አይመልስልሽም። ልዩ የሚሆነው ስምሽ ወይም ፎቶሽ ካለፈቃድሽ ከገባ ነው፤ ፎቶን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ይጠብቀዋል። ገጸ ባሕርይዋ አንቺ መሆንሽ በግልጽ እየታወቀ ሰው እንዲንቅሽ ወይም እንዲጠላሽ ተደርጋ ከተሳለችም አንቀጽ 2044 ስለ ስም ማጥፋት ይናገራል። የጻፍሽለት ደብዳቤ ወይም የቴሌግራም መልእክት ቃል በቃል ተነቦ እንደሆነም ንገሪኝ፤ እሱም ያንቺ ጽሑፍ ነው። ያለዚያ ግን ይሄን ክፍል ተዪው። ጠንካራው ክስሽ በደካማው አይሸፈን።

አንቺም ብትሆኚ በንዴት ቲክቶክ ላይ ወጥተሽ «ሌባ» እንዳትዪው። ሐቅ ይዘሽ ተከሳሽ ትሆኛለሽ።

አሁን በእጅሽ ያለውን ሰብስቢ። የግጥም ደብተሩን እንዳለ አቆዪው፤ ገጽ አትቅደጂ፣ አሳምረሽም አትገልብጪው። ስርዙ ድልዙ ነው ምስክርሽ። በቴሌግራም የተላላካችኋቸው የድምፅ መልእክቶች ቀን አላቸው፤ ስልክሽ ከመበላሸቱ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ቅጃቸው። ስትቀዱ በር ላይ ቁጭ ብለው የሰሙ ጎረቤቶች ካሉ ስማቸውን ያዢ። በተለይ የሁለተኛው ዘፈን የመጀመሪያ ቅጂ፣ ሚኒባሱ ውስጥ በስልክ ቀድታችሁት ከሆነ፣ የሁለታችሁንም ድምፅ በአንድነት ስለሚያሰማ ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል።

አራተኛው ዘፈን ቀረ። ማን ምኑን እንደሠራ አልነገርሽኝም። እንደ መጀመሪያው ግጥሙ ያንቺ፣ ዜማው የሱ ከሆነ እንዳለ ማውጣት አትችዪም፤ እሱ ላይ ያማረርሽበትን ነገር ራስሽ ታደርጊያለሽ። ፈቃዱን በጽሑፍ ጠይቂው፤ ሁለት ምስክር ይኑር። እምቢ ካለሽም ግጥሙን ይዘሽ ሌላ ዜማ አውጪለት፤ እንደገና ቅጂው። ለዚያ የማንም ፊርማ አያስፈልግሽም።