ባዶው ሉፕ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ከአዘዞ ነው የምጽፍልዎት፤ የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። በሲ++ የፕሮግራም ቋንቋ ዋይል(1) የሚል፣ ማለቂያ የሌለው ሉፕ (ድግግሞሽ) ጽፌ ውስጡን ባዶ ተውኩት። ፕሮግራሙ ሳያልቅ፣ ወደ ፊትም ሳያልፍ እዚያው እየዞረ መቆም ነበረበት። በክላንግ 15 (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ኮምፓይለር)፣ በኦ2 (ኮዱን በሚያፈጥነው ደረጃ) ሳስኬደው ግን ፕሮግራሙ ከሚጀምርበት ከሜይን ሥር የጻፍኩት፣ ጭራሽ ያልጠራሁት ፈንክሽን ሠርቶ ቁጭ አለ! በሌላው ኮምፓይለር፣ በጂሲሲ ግን እዚያው ይቆማል። ጓደኞቼ ክላንግ ተበላሽቷል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ እህቴ። እኔም ፒያሳ ባለችው የጥገና ሱቄ በዚሁ ጉዳይ አንድ ሌሊት ሙሉ ዓይኔን ሳልከድን አድሬያለሁ። መልሱን ያገኘሁት ስታንዳርዱን (የቋንቋውን ይፋዊ ደንብ) ስገልጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሲ++ ስታንዳርድ ለኮምፓይለሩ አንድ ነገር እንዲገምት ይፈቅድለታል። ማንኛውም ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሄድ የሥራ መስመር) ይዋል ይደር እንጂ ወይ ያልቃል፣ ወይ ከውጭ ያነባል ወይም ወደ ውጭ ይጽፋል፣ ወይ ቮላታይል ተለዋዋጭ (ኮምፓይለሩ ንባቡንና ጽሕፈቱን ሊዘል የማይችለውን) ይነካል፣ ወይ አቶሚክ ሥራ (ትሬዶች ሳይጋጩ የሚሠሩትን፣ መሀል ላይ የማይቋረጥ ሥራ) ይሠራል። ያንቺ ሉፕ አንዱንም አያደርግም። ስለዚህ ክላንግ «ይህ ሊሆን አይችልም» ብሎ ሉፑንም፣ ከሜይን የሚመልሰውንም ትእዛዝ አጠፋው። ፕሮሰሰሩ ሜሞሪ ላይ ቀጥሎ ያገኘው ያንን ፈንክሽን ነው፤ ዘው ብሎ ገባበት። ጂሲሲ ግን ስታንዳርዱ በሰጠው ፈቃድ አልተጠቀመም። ሁለቱም ሕግ አልጣሱም።

በሲ ቋንቋ ግን ይለያል። የዚያው ዓመት የሲ ስታንዳርድ ሁኔታው (ሉፑ ይቀጥል እንደሆነ የሚወስነው፣ በቅንፍ ያለው) ቋሚ የሆነውን ሉፕ ከግምቱ አውጥቶታል፤ ዋይል(1) ይከበራል። ሁኔታው ቋሚ ካልሆነና ሉፑም ውጭ የሚታይ ሥራ ከሌለው ግን «ያልቃል ተብሎ ሊገመት ይችላል» ይላል። ካላለቀስ? ዝም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ዝምታ ነው። አንዱ «ሉፑ ይወጣል፣ ፕሮግራሙ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል፣ በቃ» ብሎ ያነበዋል። የግርጌ ማስታወሻውም ዓላማው ባዶ ሉፕን ማስወገድ እንደሆነ ስለሚጠቅስ ይደግፈዋል። ሌላው «ግምቱ ከፈረሰ የፈለገው ይሁን» ይላል። እዚህ ጎንደር የኔታ «አንድም» እያሉ ሁለቱንም ትርጓሜ ጎን ለጎን ያስተምሩናል። ኮምፓይለር ግን አንዱን ይዞ ይሄዳል፤ የትኛውን እንደያዘም አይነግርሽም። ጸሐፊዎቹ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ነበረባቸው ባይ ነኝ።

ያንቺ ጉዳይ በሲ++26 ተስተካክሏል፤ ባዶ ዋይል(1) እዚያው ይቆማል። እስከዚያው ሉፑ ውስጥ ቮላታይል ተለዋዋጭ አንብቢ። ሌላ ትሬድ የምትጠብቂ ከሆነ ግን ቮላታይል አይበቃሽም፤ አቶሚክ ተጠቀሚ።