ባሕር ባይኖረንም ቆላ አለን

እህቴ፣ ለንደን የሚኖረው የአክስትሽ ልጅ ለልብ ሕሙማን ገንዘብ ለማሰባሰብ ሌሊቱን ሙሉ ብስክሌት እየነዳ ብራይተን የምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ መድረሱን ጠቅሰሽ፣ «እኛስ ከደብረ ብርሃን ተነሥተን እንዲህ ያለ ጉዞ ማድረግ እንችላለን ወይ? ባሕር የለን፤ ወዴት እንሂድ? ምንስ እናዘጋጅ? ሴቶችስ ይችላሉ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለአንድ የሰፈራችን ልጅ የልብ ሕክምና ገንዘብ ስናሰባስብ ከጓደኞቼ ጋር ከዚሁ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት በሌሊት ነድተናል። ስለዚህ የማውቀውን ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ይቻላል። መድረሻችሁም ሸዋ ሮቢት ይሁን። ከሁሉ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፦ በመንገዳችሁ ላይ ያለውን የጣርማበርን ተራራ ቁልቁለት በጨለማ አትውረዱት። የመነሻ ሰዓቱም፣ የወሩ ምርጫም፣ ሻይ የምትጠጡበት ቦታም የሚወሰነው በዚህ ነው።

የአክስትሽ ልጅ የሄደበት መንገድ ከደቡብ ለንደን እስከ ብራይተን 54 ማይል ገደማ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 87 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ገንዘቡ የሚሰበሰበው የብሪታንያ የልብ ፋውንዴሽን ለሚባለው ድርጅት ነው። ብራይተን ሊደርሱ ሲሉ የሚያስጨንቃቸው ዲችሊንግ ቢከን የተባለው አቀበት ሲሆን አናቱ ከባሕር ጠለል በላይ 248 ሜትር ነው። ከእኛ ጋር አስተያዪው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1300 ሜትር እንኳ አትሞላም። ርቀቱ ከእነርሱ ብዙም አይለይም፣ ከ90 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። የእነርሱ ፈተና አቀበቱ ከሆነ የእኛ ፈተና ቁልቁለቱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለማይገምት ለሳምባውና ለእግሩ ብቻ ይዘጋጅና ፍሬኑን ሳያይ ይነሣል።

የመነሻው ሰዓት ሌሊት 6 ሰዓት ይሁን። በቡድን የሚነዳ፣ ስፖርተኛ ያልሆነ ሰው በዚያ ከፍታ በሰዓት ከ12 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። እስከ ጣርማበር ያለው መንገድ ገደል የለበትም፤ ወጣ ገባ እያለ ቀስ በቀስ ከፍ የሚል የደጋ ሜዳ ነው። ስለዚህ በእርጋታ እየነዳችሁ፣ ዕረፍቱንም ጨምራችሁ፣ ወደ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጣርማበር አፋፍ ትቃረባላችሁ። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ግን አፋፉ ላይ ቆማችሁ ጎህ አትጠብቁ። ነፋሱ ላብ ያደረበትን ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያንቀጠቅጠዋል። ትርፍ ጊዜያችሁን ከአፋፉ በፊት ባለችው ጉዶ በረት ላይ፣ አስቀድማችሁ በተነጋገራችሁበት ሻይ ቤት ውስጥ አሳልፉት። የሻይ ቤቷን ባለቤት በቀን ሄዳችሁ አነጋግሯት፤ ቀብድ ስጧት፤ እሳት እንድታቆይላችሁ ቁጥራችሁን ንገሯት። ዝንጅብል የበዛበት ሻይና ትኩስ የተቀቀለ ድንች በዚያ ሰዓት ከየትኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

አረቄን በሚመለከት አገራችን ስለሆነ ደፍሬ ልናገር። «ትንሽ ፉት ብትል ይሞቅሃል» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ለጊዜው የሚያሞቅ ይመስላል፤ የሰውነት ሙቀት ግን በቆዳ በኩል እየወጣ ያልቃል። ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ደግሞ ዓይኑም እጁም ንቁ መሆን አለበት። በዚህ ጉዳይ አትለሳለሱ፤ የጠጣ ሰው ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ ይሂድ።

ወሩን ለመምረጥ ክረምቱን እርሺው፤ ዝናቡም ጉሙም አያስነዳም። የበልግ ዝናብም በእኛ ደጋ አይታመንም። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ የጠራ ቢሆንም ውርጩ ሣር ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል። እኔ የምመርጠው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መግቢያ ያለውን ጊዜ ነው። ብርዱ አለ፤ «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ለዚሁ ነው፤ ግን ይቻላል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ከሆነ ደግሞ የሚነዳው ሰው ወተቱንም እንቁላሉንም በልቶ ይነሣል። በዚያ ውስጥ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበትን ሳምንት ፈልጊ። በእንግሊዝ አገር ከለንደን ወደ ደንዊች የባሕር ዳርቻ የሚደረግ ሌላ የታወቀ የሌሊት ጉዞ አለ፤ እርሱም በሐምሌ ወር ለሙሉ ጨረቃ በሚቀርበው ቅዳሜ ሌሊት ነው የሚካሄደው። እኛም ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ነድተን ጥቅሙን አይተናል፤ የመንገዱ ዳር ከእርሻው ተለይቶ ይታያል፣ ከኋላ የቀረውም ሰው አይጠፋም። የገበያ ቀን ግን አይሁን። ከንጋት በፊት አህያና በግ የሚነዳው ገበሬ መንገዱን ይሞላዋል፤ እርሱም መብራት የለውም።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ከዚያ በፊት ግን የጣርማበር ዋሻ አለ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተበስቶ የተሠራ፣ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ። ውስጡ ቀን እንኳ ጨለማ ነው፤ ጠባብም ነው፤ ከወዲያ የሚመጣው ከባድ መኪና መብራት ዓይን ያጠፋል። ከመግባታችሁ በፊት ሁላችሁም ቁሙ፤ ተሰብሰቡ፤ አጃቢ መኪናው ከኋላችሁ አደጋ መጠቆሚያ መብራቱን አብርቶ ይከተላችሁ፤ ከዚያ በአንድ ረድፍ እለፉ። በዋሻው ውስጥ መቅደም የለም፣ መቆም የለም፣ ፎቶ ማንሣት የለም።

ከዋሻው ስትወጡ ምድሩ ከፊታችሁ ይከፈታል። ጭላዳዎቹ በዚያ ሰዓት ከገደሉ ወጥተው ሣር መንጨት ይጀምራሉ። እዚያ ቆማችሁ እዩ፤ ይገባችኋል። ግን የቆማችሁበትን ጊዜ ለሥራም አውሉት። ላብ የጠጣውን ሸሚዝ አውልቃችሁ ደረቅ ልበሱ። በደረታችሁና በጃኬቱ መካከል ጋዜጣ አስገቡ፤ ነፋስ አያሳልፍም። እጃችሁ ላይ የሱፍ ጓንት ይኑር፤ የመንዝ በግ ሱፍ ከሆነ እሰየው። ጓንቱን የማነሣው ስለ ምቾት አይደለም። ጣት ከደነዘዘ ፍሬን መጨበጥ አይችልም፤ ሰውየው የያዘ ይመስለዋል፣ ብስክሌቱ ግን ይፈጥናል። ከአፋፉ እስከ ደብረ ሲና ያለው ጥምዝምዝ ይህን ይቅር አይልም።

ፍሬን ደግሞ እንዲህ ይያዛል። ከላይ እስከ ታች ያለማቋረጥ ጨብጦ መውረድ የፍሬኑን ጎማ ያግለዋል፤ የጋለ ጎማ ይሟሟል ወይም ይደርቅና መያዙን ይተዋል። የጎማው ቸርኬ ራሱ ሲግል የውስጡ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ከመታጠፊያው በፊት በደንብ ያዙ፤ ፍጥነቱን ቀንሱ፤ ልቀቁ፤ በፊተኛውና በኋለኛው ተራ በተራ ሥሩ። በየሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሩ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ቸርኬው ይቀዝቅዝ። የጉዞ መሪው ከፊት ይሁን፤ እርሱን የሚያልፍ ሰው አይኑር። ይህን ሕግ ከመነሣታችሁ በፊት ሁሉም ሰው እሺ ይበል፤ ወጣቶቹ በተለይ። በዚህ ነገር ቆጣ ብዬ ብናገር ቅር አይበልሽ፤ ከላይ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎችም የሚታገሉት ከዚሁ ከፍሬን ጋር ነው፤ ሹፌሩ ብስክሌተኛ ከፊቱ ድንገት ሲያገኝ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

ውሻን ያነሣ ሰው አላየሁም፤ እኔ ላንሣው። በየመንደሩ የበግ ጠባቂ ውሾች በሌሊት መንገድ ላይ ናቸው። ብስክሌት ሲሮጥ ያሳድዳሉ፤ ስትወርዱና ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጋችሁ ስትራመዱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳሉ። ጅቡ በቡድን የሚሄድና መብራት ያለውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይዳፈርም፤ ስለዚህ ጎማው የተነፈሰበትን ሰው ብቻውን ጥላችሁ እንዳትሄዱ። ከሁሉ ኋላ የሚሄድ፣ ጎማ መለጠፍ የሚችል አንድ ጠና ያለ ሰው መድቡ።

የለንደኑ ዘመድሽም መጥቶ መሳተፍ ከፈለገ ቢያንስ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ይምጣ። ከባሕር ጠለል አካባቢ ተነሥቶ 2800 ሜትር ላይ በደረሰ ማግስት መንዳት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ጉልበቱ አይደለም የሚያንሰው፣ አየሩ ነው።

ሳልናገር የማላልፈው ሌላ ጉዳይ አለ። በዞናችን ባለፉት ዓመታት የጸጥታው ነገር ምን ይመስል እንደነበር ታውቂያለሽ፤ እኛ የነዳንበት ጊዜ ሌላ ነበር። በየወረዳው ያለውን ፖሊስና አስተዳደር በጽሑፍ ጠይቁ። በሌሊት አይሆንም ካሉ ክርክር አትግጠሙ፤ ጎህ ሲቀድ ተነሥታችሁ በቀን ንዱት። የልብ ሕሙማኑ ልጆች የሚጠብቁት ሕክምናውን ነው።

ስለ ልጆቹ ካነሣሁ ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ ሳትወስኑ አንድም ሰው አዋጣ አትበሉ። አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘውን የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል አስበሽ ከሆነ ደስ ይለኛል። በአገራችን ልጆችን ለልብ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉት ሕመሞች አንዱና ዋነኛው በጉሮሮ ሕመም የሚጀምር ነው። ቶንሲሉ በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል፤ ትኩሳቱ ሲመላለስ የልብን ቫልቮች ያበላሻል። በጊዜው በፔኒሲሊን መከላከል የሚቻል ነገር ነው። እኛ ገንዘብ የለመንንለት ልጅም ሕመሙ የጀመረው እንደዚሁ ነበር፤ እናቱ እስከ ዛሬ «ጉሮሮውን ሲያመው ብርድ መስሎኝ» ትላለች። ስለዚህ ገንዘብ ስትጠይቁ ይህንንም ንገሩ፦ ልጁ ጉሮሮውን ሲያመውና ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያ ይወሰድ እንጂ እንጥል ቆራጭ ዘንድ አይወሰድ። በቆማችሁበት ሻይ ቤት ሁሉ ይህን ብትናገሩ፣ ከምትሰበስቡት ብር ያላነሰ ሥራ ትሠራላችሁ ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ገንዘቡ በማንም ግለሰብ ሒሳብ አይግባ፤ በቀጥታ በተቋሙ ወይም በሆስፒታሉ ሒሳብ ይግባ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ የከፈለ ሰው ደረሰኙን ለእናንተ ይላክና እናንተ መዝግቡ። ለአጃቢ መኪናው፣ ለሻዩና ለመመለሻው የሚወጣውን ከነጂዎቹ መዋጮ ሸፍኑት፤ ለልጆች ተብሎ ከተሰጠው ላይ አንድ ብር እንኳ ለናፍጣ አይነካ። ዕድሮችን አነጋግሩ። እኛ ትልቁን ድጋፍ ያገኘነው ከዕድር ነው፤ የዕድር ሰው ቃል ከገባ ይከፍላል፣ ሒሳቡንም ይጠይቃል፣ ቢጠይቅም ደስ ይበላችሁ።

ከደብረ ሲና በታች ነገሩ ይቀልላል። አርማንያን ስታልፉ ሙቀቱ ይመጣል፤ ሹራቡን አውልቃችሁ ውኃ መጠጣት ጀምሩ፤ በደጋው ብርድ ውኃ የረሳ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚዝለው። በሶ በማር በጥብጣችሁ ያዙ፤ ሙዝና ቆሎም ይኑር። ሸዋ ሮቢት በጠዋት ስለምትደርሱ እዚያ ማደር አያስፈልግም፤ የሚያድር ሰው ካለ ግን ወባ አለና አጎበር ያለው ክፍል ይያዝ።

መመለሻው ላይ ማንም በብስክሌት እመለሳለሁ እንዳይል። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ወደ ጣርማበር ሽቅብ መንዳት የለበትም። አንድ አይሱዙ ለብስክሌቶቹ፣ አንድ ሚኒባስ ለሰዎቹ፣ ዋጋቸውን ከሳምንት በፊት ተስማምታችሁ ያዙ። ብስክሌቶቹ እንዳይፋጩ በመካከላቸው አሮጌ ብርድ ልብስ አስገቡ።

ሴቶች ይችላሉ ወይ ላልሽው፣ ከእኛ ጋር የነዱት ሴቶች ቁልቁለቱን ከወንዶቹ በተሻለ ጥንቃቄ ነው የወረዱት። ከጉዞው በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ከከተማው ወጥታችሁ እስከ ቀይት ድረስ በማለዳ ንዱ፤ አንድ ቀን ደግሞ በመኪና ሄዳችሁ የጣርማበርን ጥምዝምዝ በዓይናችሁ አጥኑት። ስንት ሰው እንደሆናችሁና ብስክሌቶቻችሁ ምን ዓይነት እንደሆኑ ጻፊልኝ። የፍሬን ሽቦና የፍሬን ጎማ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ካስፈለገ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ከመስከረም በፊት ባውቀው ይሻላል። ብስክሌቶቹን አንድ በአንድ ለማየት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምጣት እችላለሁ።