«እናትየዋ አዝና ነው ወይስ ተናዳ?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። በቅርቡ ከታናሽ እህቴ ጋር ሲኒማ ቤት ገብተን አንድ የአማርኛ ፊልም አየን። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አረብ ሀገር ልትሄድ ስትወጣ እናትየዋ በር ላይ ቆማ ታያታለች፣ ምንም አትልም፣ ዝም ብላ ነው የምታያት። እኔ እዛ ጋ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፣ ራሴም ቤሩት 6 ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት፣ ያኔ ስሄድ እንዳላለቅስ ብዬ እናቴን ዞሬ እንኳን አላየኋትም። እህቴ ግን ስንወጣ «እናትየዋ እኮ ተናዳባት ነው» አለችኝ፣ በቃ እስከ ቤት ስንጨቃጨቅ ሄድን። በኋላ ያንኑ ቦታ ዩቲዩብ ላይ አግኝቼ ታክሲ ውስጥ ድምፁን አጥፍቼ ሳየው ምንም አልተሰማኝም። ታዲያ ያስለቀሰኝ ሙዚቃው ነው? ተሸውጄ ነው? ከሁለታችንስ ማናችን ነን ልክ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ አልተሸወድሽም፣ መጀመሪያ እሱን ልበልሽ። እኔ ፊልም ኤዲት እያደረግኩ የምኖር ሰው ነኝ፣ ጥያቄሽ በየቀኑ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የማስበው ነገር ስለሆነ ትንሽ ብረዝም ታገሺኝ።

ከ100 ዓመት በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል ሩሲያዊ ዳይሬክተር የአንድ ታዋቂ ተዋናይ ፊት፣ ኢቫን ሞዡኪን የሚባል፣ ምንም ስሜት የማይታይበት ክሎዝ አፕ (ፊቱ ብቻ ስክሪኑን ሞልቶ የሚታይበት ቀረጻ) ወሰደና አንዴ ከሾርባ ሳህን ጎን፣ አንዴ ከሬሳ ሳጥን ጎን ቀጠለው። ፊቱ ያው አንድ ፊት ነው፣ አልተቀየረም። ያዩት ሰዎች ግን ሾርባው ጋ እንዴት እንደራበው፣ ሬሳው ጋ እንዴት እንዳዘነ እያወሩ ትወናውን አደነቁ ይባላል። ፊልሙ ራሱ ዛሬ የለም፣ ታሪኩ ግን እስካሁን ኤዲቲንግ ለሚማር ሁሉ ይነገራል።

በኔም ደርሷል። አንድ አጭር ፊልም ስቆርጥ አባትየው የልጁን ሞት በስልክ የሚሰማበት ሲን ነበር፣ አክተሩ ጎበዝ ነው ግን በጣም አለቀሰ፣ ፊቱን ጨመደደ፣ እኔ ደግሞ እያየሁት ምንም አላዘንኩም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተቀረፀውን ሁሉ ስፈትሽ «አክሽን» ከመባሉ በፊት ካሜራው ተከፍቶ የተቀዳች 4 ሰከንድ አገኘሁ፣ ሰውየው ሻይ እስኪያመጡለት ወደ መስኮቱ እያየ ነው፣ በቃ ሻይ እየጠበቀ። እሷን ከስልኩ በኋላ አስገባኋት። ፊልሙ ሲታይ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «እኔን! እኔን!» ሲሉ ሰማኋቸው። የሻይ ጥበቃው ላይ ሐዘኑን የጨመሩት እሳቸው ናቸው።

ታክሲ ውስጥ ምንም ያልተሰማሽ ድምፁ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ሲኒማ ቤት ያ ፊት ከመምጣቱ በፊት ከእናትና ልጅ ጋር አንድ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ተቀምጠሻል፣ ቡናቸውን ጠጥተሻል፣ ፊቷም ግድግዳ አክሎ ነበር። ዩቲዩብ ላይ ያ ሁሉ ተቆርጦ ቀርቶ አንዲት የቆመች ሴት በመዳፍሽ ላይ፣ ረዳቱ «ወራጅ አለ» እያለ።

ሙዚቃው ግን ሥራ የለውም አልልሽም፣ በጣም አለው። የስፒልበርግን ጆውስ አይተሽ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የሻርክ ፊልም፣ ጆን ዊሊያምስ በሁለት ኖታ ነው ሰው ያስፈራው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው፣ ልጆች የውሸት የሻርክ ክንፍ ይዘው ዋናተኛውን ሲያስደነግጡ ሙዚቃው የለም፣ የሚመጣው እውነተኛው ሻርክ ሲኖር ነው። ተመልካቹ ሳያውቀው ሕጉን ይለምዳል፣ ሙዚቃ ከሌለ ሻርክ የለም ብሎ ዘና ይላል፣ ከዛ በኋላ ላይ ሻርኩ ያለ ምንም ሙዚቃ ብቅ ሲል ሰው ከወንበሩ ይነሳል።

እኛ ጋ የሚያናድደኝ ብዙ ጊዜ ኪቦርዱ ከአክተሯ ቀድሞ ያለቅሳል። ገና በሩን ስትከፍት «እዘኑ» ይሉሻል፣ አንቺ የምትጨምሪበት ቦታ አይተዉልሽም። ጥሩ ማጀቢያ እንደ ሙሾ አውራጅ ነው። ለቅሶ ቤት ታውቂያለሽ፣ አውራጇ የምትጠራው የሟችን ስም ነው፣ ጥግ ላይ ያለችው ጎረቤት ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የምታለቅሰው ከ10 ዓመት በፊት የቀበረችውን ወንድሟን ነው። እና ማን አታለላት? እንባው የራሷ ነው፣ ያንቺም የራስሽ ነው፣ 6 ዓመት ቤሩት ተሸክመሽው የቆየሽው።

ማናችን ልክ ነን ላልሽው፣ ዳይሬክተሩ ሴትየዋን ዝም ያስባላት ለሁለታችሁም ቦታ እንዲኖር ብሎ ይመስለኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ስትሄጂ ዞረሽ አላየሽም። እህትሽ ያኔ ቤት ነበረች አይደል? ያን ቀን በሩ ላይ የእናታችሁን ፊት ያየችው እሷ ናት ማለት ነው። ስለ ፊልሙ መጨቃጨቁን ተዉትና ምን እንዳየች ጠይቂያት።