ለእረፍት ጅቡቲ ሄደው የድሬን ጨዋታ እንዴት ያያሉ?

አንድ ወንድማችን ጥሩ ጥያቄ ጠይቋል። የዓመት ፈቃዱን ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ጅቡቲ ሊያሳልፍ ነው። በዚያው ሰሞን የሚደግፈው የእግር ኳስ ክለብ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ ይጫወታል። ቤተሰቡን ሳያስከፋ፣ ጨዋታውም ሳያመልጠው ቀኑን ዘና ብሎ እንዴት ያሳልፍ? እኔ በዚህ መንገድ ደጋግሜ ስለተመላለስኩ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ሐሳብህ ይረፍ። ድሬ ሆነንም ብርቱካናማዎቹን፣ ማለትም ክለባችንን፣ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው በስክሪን ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦቹን አንድ ከተማ ላይ ሰብስቦ ማጫወት ጀመረ። ተራው ለድሬ ሲደርስ ስታዲየም ገብተን እንጮኻለን። አዳማ ወይም ሐዋሳ ሲሆን ደግሞ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ተቀምጠን ነው የምንደግፈው። ስለዚህ ጅቡቲ ሆኖ መደገፍ የድሬው ሳቢያን ሰፈር ሆኖ ከመደገፍ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ሙቀቱ ነው። እዚያ ቀኑን የሚመራው ፀሐይ ነው። ፀሐዩን ተከትለህ ከዋልክ ለቤተሰብም ለኳስም ቦታ ታገኛለህ።

የምትሄድበት ወር ወሳኝ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደስ ይላል። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን እኛ የሙቀት አገር ሰዎች እንኳ አንችለውም። ጅቡቲዎቹ ራሳቸው በዚያ ወቅት ሸሽተው ወደ ድሬና ወደ ሐረር ይመጡ የለም? ደግነቱ ሊጉ የሚደምቀው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው።

የጉዞውን ቀንና የጨዋታውን ቀን አታገናኝ። ባቡሩ ሽንሌን፣ አዲጋላን፣ አይሻን አልፎ ደወሌ ድንበር ይደርሳል። ከዚያ በአሊ ሳቢህ በኩል አድርጎ ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ናጋድ ጣቢያ ያወርድሃል። በረሃው ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል። የድንበሩ ፍተሻም የራሱን ሰዓት ይወስዳል። ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመህ ግባ።

በጨዋታው ቀን በጠዋት ተነሡ። ፀሐይ ሳይጠነክር ልጆቹን ይዘህ ሲየስታ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ውረድ። እዚያው ከተማው ውስጥ ነው፤ ጀልባ ምናምን አያስፈልግም። ሰፈርተኛው አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታል። የእኔ ልጅ ቋንቋ ሳይችል ከእነሱ ጋር ገብቶ ሲጫወት ነው የዋለው። ሙሻ ደሴትም ሆነ አሳል ሐይቅ ቆንጆ ናቸው። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ከሱ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። ሳታየው እንዳትመለስ። ግን ለሌላ ቀን አድርገው። ጨዋታ ባለበት ቀን ሩቅ ከሄድክ ሐሳብህ መመለሻው ላይ ይሆናል፤ ሐይቁንም በደንብ አታየውም።

ምሳ የየመን ዓሣ ብሉ። በዚህ አልደራደርም። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ ቅመም ይቀባል፣ ከዚያ እሳት ባለበት ጥልቅ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ከትልቅ ስስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። ቂጣውን ከሙዝና ከማር ጋር ፈትፍተው የሚያመጡትንም ጨምርበት፤ ልጆች ይወዱታል። ዋጋው ከድሬ ይወደዳል፣ ተዘጋጅ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ ነው። በዚያ አስልተህ ያዝ።

ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛል። ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል። ሌላ እንግዳ ይሄ ያበሳጨዋል። እኛ ግን የቀትር እንቅልፍ ያደግንበት ነው። እናንተም ተኙ። ባለቤትህ የምታመሰግንህ ለዚህ ሰዓት ነው፣ እመነኝ።

አሁን ወደ ጨዋታው። የሚታይበትን ቦታ በዋዜማው ጨርስ። ጅቡቲ ውስጥ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አይቸግርም፤ አንዱ ጋ ገብተህ ቡና እየጠጣህ ጨዋታውን ያሳዩ እንደሆነ ጠይቅ። ሰዓቱን ስትነግራቸው በእነሱ አቆጣጠር ይሁን። የእኛ የማታ 1 ሰዓት እነሱ ጋ 19 ነው። ሰዓት ዞኑ አንድ ነው፤ የሚለየው አቆጣጠሩ ብቻ ነው። ሌላው፣ የእንግሊዝ ጨዋታ ያለበት ቅዳሜ ወይም እሁድ ከሆነ ቻናል የሚቀይርልህ ካፌ አታገኝም። ባለቤቱ ላይ አትፍረድ፣ ቤቱ የሚሞላው በዚያ ነው። የዚያን ጊዜ በስልክህ ተከታተል። እንደ ደረስክ በፓስፖርትህ የጅቡቲ ቴሌኮም ሲም አውጣ። በሆቴል ዋይፋይ ላይ ብቻ አትመካ። ስርጭቱ ቢቋረጥ እንኳ ቴሌግራም ላይ ደቂቃ በደቂቃ የሚጽፉ ልጆች አሉን።

ማሊያህን ልበስ። ይሄን የምለው ከልቤ ነው። አንድ ጊዜ ብርቱካናማውን ለብሼ በመነሊክ አደባባይ ሳልፍ አንድ አዛውንት አስቆሙኝ። ጅቡቲያዊ ናቸው፤ ልጅነታቸውን ግን ድሬ፣ ለገሃር አካባቢ ነው ያሳለፉት። ስለ ጥጥ ማኅበር አነሡልኝ። የድሬው ጥጥ ማኅበር አምስት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን መሆኑን ስንቱ ወጣት ያውቃል? እሳቸው ተጫዋቾቹን በስም ይጠሩ ነበር። ማታ እኔ የማይበት ቤት መጥተው አብረን አየን። ጎል ሲገባ እሳቸው ናቸው ቀድመው የተነሡት። ባቡሩ ድሬን በ1895 ዓ.ም. ሲያቆማት ከጅቡቲ ጋር አስተሳስሯት ነው፤ እዚያ ሄደህ የድሬን ማሊያ ብትለብስ ባዕድ አትሆንም።

ባለቤትህ ኳስ የማትወድ ከሆነ ጨዋታው ላይ አታስቀምጣት። ፀሐይ ስትጠልቅ መሀል ከተማው ነፍስ ይዘራል። እሷና ልጆቹ አይስክሬም ይዘው፣ ሱቅ እያዩ ይዘዋወሩ። ገበያ ከፈለገች ግን ዓርብን አትምረጡ፤ እዚያ የሥራ እረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነው። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ብዙው ይዘጋል። እሁድ ግን የሥራ ቀን ነው፣ ሁሉም ክፍት ነው።

የምትሄድበትን ቀንና የጨዋታውን ሰዓት እዚሁ ጻፍልን። በዚያ ሰሞን ጅቡቲ ያለ የድሬ ልጅ አይጠፋም፤ አብራችሁ ታያላችሁ።